አባ የገዘቱት ዋንዛ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ዋንዛው ተሰነጠቀ። አያ ደሴ ነው የደወለልኝ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ። አያ ደሴ የአሮጌ ደብር ደን ጠባቂ ነው። ስልክ ሲይዝ ይጮኻል፤ ስልክ ባይኖርም ቡሬ ድረስ በጉሮሮው የሚያደርሰው ይመስለዋል። «እታለም፣ ንጋት ላይ ንፋስ መታውና ግማሹ ወርዶ ግድግዳችን ላይ ተጋደመ» አለኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። የተሰማኝ ነገር የለም። ድሮ ቢሆን ጫማዬን ሳላጠልቅ እሮጥ ነበር።

እስከ ሽንዲ መገንጠያ በባጃጅ፣ ከዚያ በጭቃ በእግሬ። ዛሬ ሥላሴ ስለሆነ እርሻ ላይ ሰው አልነበረም። ደግ ነው፤ ሰላምታ መመለስ ደክሞኛል።

አሮጌ ደብር የምንለው የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕንፃ የቆመው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ መሐሉ ላይ ቅስት መስኮት ያለበት። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ነገሥታት ይላል፣ ሌላው መላእክት። ዙሪያው ደን ነው፣ ደኑ ውስጥ ጉሬዛዎች አሉ። እኔ የወረዳው የቅርስና የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ። በሰው ቋንቋ ሲነገር ሥራዬ ያ ግድግዳና እነዚያ ጉሬዛዎች ናቸው።

ያየሁትን ልጻፍ፣ ኋላ እንዳይጠፋኝ፦

ግንዱ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን ቆሟል።

የተጋደመው ወገን ትልቅ ቅርንጫፍ ግድግዳውን ተሻግሮ ቅጠሉ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥሏል። ክብደቱ በሙሉ ያረፈው ቅስቱ ላይ ነው።

ከቅስቱ በላይ ያሉት ድንጋዮች ተላቀዋል። ጣቴን አስገብቼ አየሁት።

ጉሬዛዎቹ ደህና ናቸው። ከቆመው ወገን ላይ ተደርድረው፣ ነጭ ጅራታቸውን ቁልቁል ለቀው ያዩናል። አያ ደሴ «ለቅሶ ደራሽ ይመስላሉ» አለ።

ቅርንጫፉ ቶሎ ከተቃለለ ግድግዳው ይተርፋል። ቅጠሉ ሌላ ሁለት ሦስት ዝናብ ከጠጣ ግድግዳው ይወድቃል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከመስቀል በኋላ ከባሕር ዳር ሰዎች መጥተው በቅርስነት ሊመዘግቡት ነበር። የድንጋይ ክምር ማን ይመዘግባል?

ግን መጥረቢያ የሚያነሳ አንድ ሰው የለም። ግዝት አለበት። ያስገዘትኩትም እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። የኔ ነገር እንዲያ ነው።

ሰዉ ከፍርስራሹ ድንጋይ እየፈነቀለ ለቤቱ መሠረት ያደርግ ነበር። ዛፉም ሌሊት ሌሊት ያልቅ ነበር። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰሌዳ አስተከልኩ፤ ቆርቆሮው በሳምንቱ የሰው ዶሮ ቤት በር ሆኖ አገኘሁት፣ «መቁረጥ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ ወደ ዶሮዎቹ ዞሮ። በመጨረሻ አባ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ መምሬ አስማረ የዚያው አጥቢያ ቄስ ናቸው። «አባ፣ ይገዝቱልኝ» አልኳቸው። አዩኝና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብገዝት ኋላ ፍቱ ብትዪኝ አልፈታም፣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። እኔ የማላውቀው ምን ነበረ ያኔ!

ባለፈው ዓመት በዓለ ንግሥ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ፦ ዛፉን የቆረጠ፣ ድንጋዩን ያነሳ፣ አውሬውን የነካ፣ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተወገዘ ይሁን። እልል ተባለ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ጭራሮ እንኳ ያነሳ የለም። ጉሬዛዎቹ ወለዱ። እኔም ለበላዮቼ «ማኅበረሰቡን ያሳተፈ ጥበቃ» ብዬ ጽፌ ተጨበጨበልኝ። «ከጥገና በቀር» የምትል ቃል ማስገባት ግን ለማንኛችንም አልታየንም። ዛፍ በራሱ ጊዜ ይወድቃል ብሎ ማን አሰበ?

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባ ቅዳሴ ውለው ሲወጡ ቅጽሩ በር ላይ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አፋቸው ተይዟል። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ናቸው፤ ታናሽ እህቴ አበባ ታስታምማቸዋለች። እኔም እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። የሩቅ ሰው የምጠይቅ ነው የሚመስለኝ። አበባ አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። እኔ ብርድ ልብሱን አስተካክላለሁ። ጨካኝ ሆኜ ይሆን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እሱም ቢሆን ብዙ አያስጨንቀኝም።

ዛሬ መሪጌታ ጥበቡ ዘንድ ሄድኩ። አባ ከታመሙ ወዲህ የአጥቢያው ሰው የሚሰማው እሳቸውን ነው። ሁለት ሽማግሌዎችም ነበሩ። ነገርኳቸው። መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ «የገዘተ ይፍታው። ከዚያ በላይ ያለው ጳጳሱ ናቸው፣ እሱ ደግሞ የክረምት ሥራ አይደለም» አሉ።

አንዱ ሽማግሌ «እስላም ብናስቆርጥስ? እሱን ግዝቱ አያገኘውም» አሉ። 

መሪጌታ ሳቁ። «የላከው እጅስ የማን ነው? መጥረቢያን አይገዝቱም እኮ።»

ሌላው ሽማግሌ ደግሞ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። መምሬ ተኝተው እያሉ ቃላቸውን ልንነካ?» አሉና ነጠላቸውን ተከናነቡ። በዚህ አለቀ። መሪጌታ ከእኔ ጋር ሆስፒታል መጥተው ሊጠይቁልኝ ተስማሙ። ነገ ጠዋት፣ መንገድ ክፍት ከሆነ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

መንገድ ዝግ ነው። ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የሚጠይቅም የለ። መናኸሪያው በረንዳ ላይ ከመሪጌታ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠን ዝናቡን አየን። እሳቸው ዳዊታቸውን ደገሙ። እኔ ምንም አላደረግሁም።

አያ ደሴ ደወለ። አንድ ድንጋይ ወርዷል። «ከቅስቱ አይደለም፣ ከጎኑ ነው። አትደንግጪ» አለኝ። አልደነገጥኩም። የደነገጠው እሱ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ጉሬዛዎቹን አንድ በአንድ ስም አውጥቶላቸዋል።

አለቃዬ ደግሞ የሰኔን ሪፖርት ላኪ ይለኛል። ላክሁለት። «ግድግዳው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል አለበት። ሰኔ ላይ እውነት ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

መንገዱ ተከፈተ። የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝን። ማንኩሳ ላይ መሪጌታ ለአባ ብለው ብርቱካን ገዙ። አባ መዋጥ እንደማይችሉ ልነግራቸው አልኩና ተውኩት።

አባ ነቅተው ነበር። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው፤ የሚከብደው እሱ ነው፣ ሰውየው ሙሉውን እዚያው ውስጥ አሉ። ግራ እጃቸው ይሠራል። የእጅ መስቀላቸውን አበባ ትራሱ ሥር አድርጋላቸዋለች።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ፣ ተቀመጡ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ረጋ አድርገው አስረዱ። ንፋሱን፣ ዋንዛውን፣ ቅስቱን። ከዚያ «አባታችን፣ ለዚች ለአንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ይፍቱልን» አሉ።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንቢ ነው።

መሪጌታ ያልሰሟቸው መስሏቸው ደገሙት። አባ አሁንም ነቀነቁ፣ ቀስ አድርገው፣ ማንም እንዳይሳሳት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ «አባ፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው እኮ» አልኩ። አልገለጡትም።

ኮሪደሩ ላይ መሪጌታ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። «ዛሬ አንድ ቅርንጫፍ ቢፈቱ ነገ መቶ መጥረቢያ ይገባል። እሳቸው የሚያውቁትን ነው ያደረጉት» አሉኝ።

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳ ድንጋይ ነው ልጄ፣ ይካባል። የተናቀ ቃል ተመልሶ አይካብም።»

ትክክል ናቸው። ይኼ ነው የሚያበሽቀው፤ ሁሉም ትክክል ናቸው። ልናደድ ሞከርኩ፣ ንዴት እንኳን የለም። ብርቱካኑን ከአበባ ጋር ተካፍለን በላን። ስንለያይ አበባ ጆሮዬ ላይ «ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አታድርጉ ብሎኛል፣ ለማንም አትንገሪ» አለችኝ። ለማን እነግራለሁ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ቢሮ አልገባሁም። ጋሽ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ። ቡሬ ውስጥ እንጨት ሰንጣቂ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው እሳቸው ናቸው። የመሪጌታን ሳቅ ሰምቼም ቢሆን ልሞክር ብዬ ነው። እሳቸው ይቁረጡ፣ ኃጢአቱ የላኪዋ ይሁን፣ እኔ እችለዋለሁ አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ሰምተው ሲጨርሱ መጋዛቸውን አስቀመጡ። «ይታይሽ፣ የመምሬ ቃል የናንተ ነው ብዬ አልንቀውም። ጎረቤቱ የሚፈራውን የማይፈራ፣ እሱ ጎረቤት አይደለም» አሉኝ። ኧረ ጉድ! አንድ የሚደፍር ሰው ጠፋ በዚህ አገር።

ልወጣ ስል ጠሩኝ። መጋዙን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝና፣ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ወደ ሌላ እያዩ አስተማሩኝ፦ «ዋናውን እንዳትነኪ። ከግንዱ ከቆረጥሽው ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምረሽ ትንንሹን እያቃለልሽ ነይ። ክብደቱ ሲሄድለት ራሱ ይነሳል። ሥሩ አትቁሚ።»

መጋዙ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ላስብበት።

ካልቆረጥኩ፦ ግድግዳው ይወድቃል። ምናልባት ነገ፣ ምናልባት ፍልሰታ ላይ።

ከቆረጥኩ፦ ውጉዝ ነኝ። ሌላ የማላውቀው ቄስ አይደለም ያወገዘኝ፣ አባቴ ናቸው፣ በገዛ ልመናዬ። አብሮኝ ማዕድ የሚቀርብ የለም። ብሞት ፍትሐት የለኝም።

አባ ሳይፈቱኝ ከሞቱስ? ይኼ ነው ትልቁ። የሐኪሙን ቃል እያወቅሁ ነው የማደርገው። ያኔ ማን ይፈታኛል? አባቴ ከመሞታቸው በፊት የነገሩኝ የመጨረሻ ነገር እንቢ ነው፤ እሱን ጥሼ ልቀብራቸው ነው።

ሦስቱንም ጽፌ አየኋቸው። የቆዳዬ ውፍረት ገረመኝ። ጤነኛ ሰው ይኼን ጽፎ ይተኛል?

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ቆረጥኩት።

አያ ደሴ መጋዙን ሲያይ ገባው። ይከለክለኛል ብዬ ነበር። ጋቢውን ደርቦ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እኔ አላየሁም። ቢጠይቁኝ አላየሁም ነው የምል፣ ውሸት አይሆንብኝም» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ እርሻው እንዳዞረ ቀኑን ሙሉ ሲያዋራኝ ዋለ።

«እታለም፣ ዛሬ ሚካኤል ነው፣ አውቀሻል?»

«አሁን አወቅሁ።»

«ታዲያ አንዱን ኃጢአት ሁለት አደረግሽው።»

የቄስ ልጅ ነኝ፣ ቀን አሥራ ሁለት መሆኑን ረሳሁ። ሳቅሁ መሰለኝ። ቢያንስ አፌ ተከፈተ።

ከወዲያኛው ጫፍ ጀመርኩ፣ ጋሽ ሰይድ እንዳሉት። መጀመሪያ የጣት ውፍረት ያለውን፣ ቀጥሎ የክንድ። መጋዙ እርጥብ እንጨት ላይ ይነክሳል፣ ይንሸራተታል፣ አንዳንዴም አልወጣም ይላል። የቆረጥኩትን ጎትቼ ከግድግዳው አራቅሁ። እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ። ዝናብ መጣ፣ ሄደ። አያ ደሴ ጀርባውን እንደሰጠ «ምሳ አለ፣ ግን እዚያ ላመጣልሽ አልችልም፣ ማየት ይሆንብኛል» አለኝ። ዳቦውን ከኋላው አስቀመጠልኝ፤ እኔው ሄጄ ወሰድኩ።

ከቀትር በኋላ አንድ ወፍራም ስቆርጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ግድግዳው ሄደ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳየው ዋናው ቅርንጫፍ ከቅስቱ ላይ ቀና ብሏል። ስንዝር የሚሆን ብርሃን በመሐላቸው ገብቷል። ቅስቱ ቆሟል። ከጫፉ አንድ ድንጋይ ብቻ ወርዶ እግሬ አጠገብ ተቀበረ።

«ምንድነው? ምን ሆነ?» አለ አያ ደሴ።

«ዙርና እየው።»

«አልዞርም አልኩሽ እኮ! ንገሪኝ!»

ነገርኩት። ጋቢውን ፊቱ ላይ አደረገ።

የወደቀውን ድንጋይ ልመልሰው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። «ድንጋዩን ያነሳ» የሚል አለበት። የቆረጠ የሚለውን ጥሻለሁ፣ ያነሳ የሚለው እንኳ ይቅርልኝ። እንዲህ እያልኩ ከግዝት ጋር ሒሳብ ሳወራርድ ጉሬዛዎቹ ወደተቃለለው ቅርንጫፍ ተሻግረው፣ በቆረጥኩት ቅጠል ላይ ቁልቁል አፍጠው ነበር። ከዚያ ቅጠል መብላት ጀመሩ።

ሰማይ አልተናደም። ቤቴ ገባሁ፣ እጄን በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩ። አባ በሕይወት አሉ፣ አበባን ጠይቄያለሁ። ነገ ልነግራቸው ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

መንገዱ ሁለት ቦታ ላይ አቆመን። መታወቂያ፣ ፍተሻ፣ እንደገና መታወቂያ። መሞታቸውን እዚያ ቆሜ የምሰማ መሰለኝ። ፍርሃት ነው። ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር።

አሉ። ከሐሙስ ይልቅ ከስተዋል፣ ግን ነቅተዋል። አበባ ፊታቸውን እያበሰችላቸው ነበር።

ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ። «አባ፣ ቆረጥኩት» አልኳቸው። መግቢያ አላበጀሁለትም። «እንቢ እንዳሉኝ አውቃለሁ። አውቄ ነው የቆረጥኩት። ግድግዳው ቆሟል። ሌላ ማንም የለበትም፣ እኔ ብቻዬን ነኝ።» የተቆሳሰለ እጄን አልጋው ላይ አደረግሁ፣ የማደርግበት ስላጣሁ።

አባ እጄን አዩት። ከዚያ እኔን። ፊታቸውን ያዞሩብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ግራ እጃቸው ትራሱ ሥር ገባ። መስቀሉን አወጡ፣ ከጣታቸው አመለጠ። አበባ ልታቀብላቸው ስትል በክርናቸው ገፏት። ራሳቸው ፈልገው አገኙት። አነሱትና፣ ግንባሬን ስቶ አፍንጫዬን መታኝ። እንደገና አነሱት። አሁን ግንባሬ ላይ አረፈ፣ ጠመም ብሎ፣ ከብዶ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የወጣው ቃል ይሁን ትንፋሽ አላወቅሁም።

ለደኑ እንቢ ያሉ ሰው።

አለቀስኩ። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም፣ አፌን ከፍቼ፣ እንደ ሕፃን፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው አስታማሚ ሁሉ እስኪዞር። አበባ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «አፍንጫዬን መታኝ» አልኳት። እሷም አብራኝ አለቀሰች፣ እሷማ ምክንያት አትሻም።

ነርሷ ገብታ ጫጫታችንን ስታይ፣ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው እጁን እንዲያው ያንቀሳቅሳል፣ ብዙ ትርጉም አትስጡት አለች። ደግ ልጅ ናት፣ ለኛ ብላ ነው።

ለመሪጌታ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቁረጤንም፣ መስቀሉንም። «በግራ እጅ፣ ቃል ሳይሰማ ስለመፍታት ያነበብኩት የለኝም» አሉኝ። «እስቲ መጽሐፍ ልመልከት። እስከዚያ ግን ቅጽሩ ውስጥ አትግቢ፣ ሰዉ ያጉረመርማል።» እሺ አልኳቸው። ይመልከቱ።

አባ አንድ እጄን እንደያዙ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ የሚይዝልኝ ስለሌለ እየተንሸራተተ ፊደሌ ተበላሽቷል። እጄን ማውጣት እችላለሁ፣ አጥብቀው አልያዙኝም። አላወጣሁም።